የጣና ማለዳ፣ አሮጌው ሞተርና የዘጌ መንገድ

ባሕር ዳርን ብዙ ሰው የሚያውቃት በዘንባባዋና በሙቀቷ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ማለዳ ወደ ጣና ዳር ከወረዱ ግን ሌላ ከተማ ያገኛሉ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ ፀሐይ እስክትጠነክር ድረስ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። ከውኃው ላይ ስስ ጉም ይነሣል፤ ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳቸው ድምፅ ሳያሰሙ ያልፋሉ።

ቤተሰብዎን ይዘው ወደ ዘጌ ሊሻገሩ ከሆነ መነሻዎ ይኸው ሰዓት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ይናወጣልና ጠዋት ሄዶ በጊዜ መመለሱ ይመረጣል። ችግሩ ግን ማለዳ የሚብርደው ለሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። በተለይ ዕድሜ ጠገብ የጀልባ ሞተር በዚያን ሰዓት በቀላሉ አይነሣም። ቤንዚን የሚቀጣጠለው ወደ ትነት ሲለወጥ ነው፤ በብርድ ደግሞ ትነቱ ያንሳል፣ ዘይቱም ይወፍራል።

ስለዚህ ጀልባ ነጂው ሲዘጋጅ አያጣድፉት፤ ይመልከቱት። በመጀመሪያ የቤንዚን ታንኩን የአየር መግቢያ ይከፍታል። በነዳጅ ቱቦው መሃል ያለችውን የጎማ ፓምፕ እስክትጠነክር ድረስ በእጁ ይጨምቃል። ማርሹ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አለመግባቱን ያረጋግጥና ቾኩን ይስባል። ቾኩ የሚገባውን አየር ቀንሶ ቤንዚኑ እንዲበዛ ያደርጋል። ገመዱንም በቅድሚያ ቀስ ብሎ ይስበዋል፤ ሲከብደው በአንድ ኃይል ይመነጭቀዋል። በዚህ ጊዜ ልጆች ከነጂው ጀርባ አይቁሙ፤ ክንዱ በኃይል ወደ ኋላ ይመጣል።

ሞተሩ ሳል ሳል ሲል ነጂው ቾኩን በጥቂቱ ይመልሳል። ደጋግሞ ስቦ ካልተነሣና የቤንዚን ሽታ ከበረታ፣ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት ታፍኗል ማለት ነው። ያኔ መፍትሔው ቾኩን መልሶ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ወይም ካንዴላውን ፈትቶ ማድረቅ ነው። ሲነሣ የሚታየው ጭስ አያስደንግጥዎ፤ በብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሚቃጠል ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ራስዎ ይፈትሹ። ከሞተሩ ጎን ቀጭን ውኃ እየፈሰሰ መውጣት አለበት፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ እየዞረ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። ካልታየ ሞተሩ ይጥፋ፣ ጉዞውም ይቆይ። ከታየ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ባለበት ይሙቅ። በቅጡ ሳይሞቅ የተነሣ ሞተር ሐይቁ መሃል ሊጠፋ ይችላል፤ ከሕፃናት ጋር በዚያ ከመንሳፈፍ ዳር ላይ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ይሻላል።

ሳይሳፈሩ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለልጆችም በልካቸው፣ ላይፍ ጃኬት መኖሩን ይቁጠሩ። መቅዘፊያ በጀልባው ውስጥ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም፤ ሰው ተጨናንቆ የተጫነበት ጀልባ ላይ አይውጡ።

ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከወረዱ በኋላ በቡና ደን ውስጥ በሚያልፈው የእግር መንገድ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይወጣሉ። ክብ ሆኖ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው፤ ማንበብ ያልጀመረ ልጅ እንኳ ታሪኩን ከሥዕሉ ይከተላል። ክብራን ገብርኤልን ለማየት ካሰቡ ግን ሴቶች ወደ ደሴቲቱ እንደማይገቡ አስቀድመው ይወቁ፤ አጠገቧ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችንም ትቀበላለች።

ለመመለሻ ከነጂው ጋር ሰዓት ይቁረጡ። በቴርሞስ ሻይ፣ ለልጆች ሹራብ፣ ለእኩለ ቀን ደግሞ ባርኔጣ ይያዙ፤ ጠዋት ያንቀጠቀጠዎት ጣና በስድስት ሰዓት ፀሐዩ ያቃጥላል።