የቅኔ ቤት ሙግት

በእኛ ዘመን ዱርቤቴ ዙሪያ እግዚአብሔርን መጠየቅ የሚቻልበት አንድ ቦታ ነበር፤ ቅኔ ቤት። ለቅሶ ቤት «አንተ ያመጣኸው፣ አንተው ታውቃለህ» ተብሎ ይታለፋል። ዐውደ ምሕረት ላይም የሚሰብክ እንጂ የሚጠይቅ የለም። የቆሎ ተማሪ ግን በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ፈጣሪውን ችሎት ቢያቆም፣ የኔታ የሚመረምሩት ዜማው መድረሱን፣ ቤቱ መምታቱንና ምሥጢሩ መግጠሙን ነበር።

አምስቱን አዕማደ ምሥጢር በቃላችን አጥንተን ነው የመጣነው፤ ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ትንሣኤ ሙታን። ማጥናቱስ ቀላል ነው። የሚከብደው ቆጠራው ነበር። ደበሏችንን ተከናንበን በየጥሻውና በየመቃብሩ ጥግ እንበተናለን፤ እያነበነብን የየራሳችንን ቅኔ ስንቆጥር ቆይተን ተራ በተራ የኔታ ፊት እንቀርባለን። ከዚያ አኩፋዳ አንጠልጥሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» ነው። የአቸፈር ውሻ ተማሪ አይወድም፤ እናቶቹ ግን ያንን ጠቆር ያለ የዳጉሳ እንጀራ ነፍገውን አያውቁም።

አንድ ክረምት ተስቦ ገባና ከመካከላችን አንዱን ወሰደው። ወላጆቹ የት እንዳለ እንኳ አያውቁም ነበር፤ ተማሪ ከቤቱ ጠፍቶ አይደል የሚመጣው። ጎጆ ይጋራው የነበረው ልጅ በማግስቱ ቅኔ ይዞ ቀረበ። ግእዙ ጠፍቶብኛል፤ ቅኔ አይደገምም፣ ያኔ ደግሞ ማን ይጽፈዋል! ሰሙ ግን አረሙን ትቶ ቡቃያውን የነቀለ ገበሬ ነው። ወርቁ ማን እንደሆነ ለሁላችንም ገባን። አለንጋ ጠበቅን።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና፣ «ቤቱ መትቷል» አሉ። «ክሱንም ሰማን። ተከሳሹ የታለ? ሳታቆመው ነው የፈረድክበት። ሂድና ቁጠር።»

ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። አንድ ዐዋቂ ነኝ ባይ ተነሥቶ፣ «የኔታ፣ ሽልሻሎ እኮ ነው! ገበሬው በቆሎውን የሚያሳሳው የቀረው እንዲያፈራ ነው» አለ። እኔ በልቤ አደነቅሁት። የኔታ ግን ከሳሹን ያልተቆጡትን እሱን ተቆጡት።

«ማን እንዲያፈራ ነው ያ ልጅ የተነቀለው? አንተ?» አሉና ወደ ኢዮብ ሄዱ። እግዚአብሔር የተቆጣው ሲጮህና ሲሟገት በከረመው በኢዮብ አልነበረም፤ ለእግዚአብሔር ጠበቃ በቆሙት በኤልፋዝ፣ በበልዳዶስና በሶፋር ነው። ስለ እነሱ የጸለየውም ኢዮብ ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ከዚያች ጉባኤ የሚደርስ ግን አልገጠመኝም። ሽልሻሎ ባዩንም ከዚያን ቀን ጀምሮ በልዳዶስ አልነው።

ጉባኤው ብዙ አልቆየም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ደብሩ የሚተዳደርበትም አብሮ ሄደ። ጭሰኛው እፎይ አለ፣ እሰየው ነው፤ የኔታን ግን ማን ያኑራቸው? ከተማሪው ገሚሱ አስኳላ ገባ፤ ከሳሹ ልጅ ወደ ዋሸራ ተሻገረ።

በልዳዶስ ዛሬም ዱርቤቴ አለ፤ ሸምግሏል። ለቅሶ ላይ ስንገናኝ ድንኳኑ ጥግ አጠገቤ ይቀመጣል እንጂ ቃል አይወጣውም። አጽናኙ ተነሥቶ እግዚአብሔር ሟቹን ለምን እንደወሰደው መዘርዘር ሲጀምር ግን በክርኑ ጎሰም ያደርገኝና፣ «ስሜን ወሰደብኝ» ይለኛል።