የአርሲ ሩጫ በማን ዜማ?

የአሰላው ልጅ የኃይሌ ገብረሥላሴ ታሪክ «ኢንዱራንስ» ተብሎ ለሲኒማ ሲበቃ ማጀቢያ ሙዚቃውን የደረሰው እንግሊዛዊው ጆን ፓውል ነው። ፊልሙን ሌስሊ ውድሄድ አዘጋጀው፤ ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ቴሬንስ ማሊክ ነበር፤ ዲስኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ለእይታ አቀረበው። ፓውል በዚያን ጊዜ ስሙ ገና መሰማት የጀመረ ሰው ነው። «ፌስ ኦፍ»ን በ1997 ሠርቷል፤ ዝናው የተስፋፋበት «ዘ ቦርን አይደንቲቲ» (2002) እና ለኦስካር ያሳጨው «ሀው ቱ ትሬን ዩር ድራጎን» (2010) ግን የመጡት በኋላ ነው። የፓውል ወዳጆች በቦርን ፊልሞች ውስጥ የሚወዱለት፣ ከሚሮጥ ሰው እግር ሥር የማይጠፋው ምት ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ እውነተኛ ሯጭ በእጁ አልፏል።

«ኢንዱራንስ» ግማሹ ዶክመንተሪ፣ ግማሹ ድራማ ነው። ዶክመንተሪው የ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ሲሆን፣ ድራማው የኃይሌ የአርሲ ልጅነት ነው። በድራማው ውስጥ የሚጫወቱት አብዛኞቹ ተዋንያን ሳይሆኑ የራሱ ቤተሰቦች ናቸው፤ ትንሹን ኃይሌንም የሚጫወተው የዘመዱ ልጅ ነው። ንግግሩ ጥቂት በመሆኑ፣ ተዋናይ በቃል ይናገረው የነበረው ነገር ሁሉ በመልክዓ ምድሩና በሙዚቃው ላይ ወድቋል። ልጁ ደብተሩን በግራ ክንዱ ታቅፎ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ማታ ያንኑ ያህል ይመለሳል። ያ ክንድ ኃይሌ ካደገ በኋላም አልተዘረጋም፤ በየስታዲየሙ ሲሮጥ ደብተር የያዘ ይመስል ነበር። አትላንታ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.83 ሴኮንድ ነው፤ 27:07.34 ለ27:08.17። አንድ ፊልም ያን ያህል ደጋ፣ ያን ያህል ዓመትና ያን ያህል ትንፋሽ አሳይቶ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ልዩነት ላይ ሲደርስ፣ ሙዚቃው የሚያስፈልገው ልዩነቱን ለማጉላት ሳይሆን የመንገዱን ርዝመት ለማስታወስ ነው።

የሩጫ ማጀቢያ ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው የግሪኩን ቫንጌሊስን ነው። «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር» (1981) የሚተርከው ስለ 1924ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ቢሆንም፣ ሙዚቃው በዚያ ዘመን ባልነበረ መሣሪያ፣ በሲንተሳይዘር የተሠራ ነው። ኦስካርም አግኝቶበታል። በመክፈቻው ነጫጭ የለበሱ ወጣቶች በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በዝግታ ምስል ይሮጣሉ። ምስጢሩ ከዝግታው ላይ ነው። የረጅም ርቀት ሯጭ በደቂቃ ከ180 በላይ እርምጃ ይራመዳል፤ ዜማ ይህን ፍጥነት ልከተል ካለ ጭፈራ ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ አዘጋጁ ምስሉን ያዘገያል፣ ደራሲው ዜማውን ያረዝማል፣ ተመልካቹም እግሩን ትቶ ፊቱን ያያል። ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ ከዚያ ቀደም ብሎ «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» (1965) በተባለው ፊልሙ አበበ ቢቂላን በዚሁ ዘዴ ቀርጾታል፤ የፊልሙ ሙዚቃ የቶሺሮ ማዩዙሚ ነው። አበበ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2:12:11 ሲጨርስ ፊቱ ላይ አንዳች ነገር አይነበብም። ከእንዲህ ዓይነት ፊት ጋር የሚሄድ ሙዚቃ መጻፍ ከሚያለቅስ ፊት ጋር ከሚሄደው ይከብዳል።

ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ግን የሩጫ ማጀቢያ ሌላ ነው፤ የስፖርት ጋዜጠኛ ድምፅ። ኃይሌ ልጅ ሳለ «ማርሽ ቀያሪው» ምሩጽ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ ሲያሸንፍ በሬዲዮ እንደሰማ ራሱ ተናግሯል። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ድምፁ ከፍ ይላል፣ ቃላቱ ይደራረባሉ፣ በመጨረሻ ስም ብቻ ይቀራል። ፈጽሞ ያልተቀናበረ፣ ግን የየትኛውም ኦርኬስትራ ክሬሸንዶ የማይደርስበት ነው።

የፊልም ሙዚቃ ፍቅር ራሱ በየከተማው የተዛመተው በቪዲዮ ቤት ነው። ከአሰላ ደጋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርደው በመርቲ ወረዳ እንዳለችው እንደ አቦምሳ ባሉ ከተሞች፣ ፊልም ማለት ለብዙ ዓመታት የጨለመ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበርና ቴሌቪዥን ነበር። መግቢያ ያጣ ልጅ ውጭ ቆሞ ይሰማል። ከግድግዳው ወዲያ ያለውን የሕንድ ፊልም ምስሉን ሳያይ ዘፈኑን ይይዛል፤ ማሳደዱን ከከበሮው፣ መለያየቱን ከቫዮሊኑ ይለያል። ማጀቢያ ሙዚቃ ሥራውን በትክክል መሥራቱ የሚፈተነው በእንዲህ ዓይነቱ ሰሚ ነው።

አርሲ በፊልም የተመለሰችው በከባድ ታሪክ ነው። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀው «ድፍረት» (2014) የተመሠረተው በ1996 በአርሲ በደረሰ እውነተኛ ጉዳይ ላይ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችው የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ፍርድ ቤት ስትቀርብ፣ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ቆመችላት። ፊልሙ በሰንዳንስ የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። ሙዚቃውን የሠሩት ዴቪድ ኤገርና ዴቪድ ሾመር ናቸው፤ አሁንም የውጭ እጅ። በያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (2015)፣ በጉን ቹኒን ይዞ በሚንከራተተው በኤፍሬም ታሪክም ሙዚቃው የፈረንሳዩ ክሪስቶፍ ሻሶል ነው። ይህ ለነቀፌታ አይደለም፤ ጥሩ ጆሮ ዜግነት የለውም። ነገር ግን የአርሲ ሴቶች የሲንቄ በትራቸውን ይዘው የሚዘምሩት አቴቴ፣ የኦሮሞ ጀግና የሚደረድረው ጌራርሳ፣ በየበዓሉ በሚሰማበት አገር ተራራው በሌላ ዜማ መናገሩ ጆሮን ሳይቆረቁር አያልፍም።

የሚገርመው በተቃራኒው አቅጣጫ መንገዱ ክፍት መሆኑ ነው። በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ አምስት ድምፅ ያላቸውን የኢትዮጵያ ቅኝቶች ከጃዝ ኅብረ ድምፅ ጋር ያዋሐደባቸው ሥራዎች በ1998 በ«ኢትዮፒክስ» የአልበም ተከታታይ 4ኛ ቅጽ ታትመው ወጡ። ጂም ጃርሙሽ በ«ብሮክን ፍላወርስ» (2005) ተጠቀመባቸው። ቢል መሪ የሚጫወተው ያረጀ ወንደላጤ የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ ሲነሳ፣ ኢትዮጵያዊው ጎረቤቱ ዊንስተን ለመንገዱ ሲዲ ይሰጠዋል። ሰውዬው በተከራየው መኪና ይነዳል፤ «የከርሞ ሰው» ይጫወታል። ሙዚቃው እዚህ ማጀቢያ ብቻ አይደለም፤ በታሪኩ ውስጥ እጅ ለእጅ የተላለፈ ዕቃ ነው፣ ባለታሪኩም ይሰማዋል። ከመስኮቱ ውጭ የአሜሪካ ሰፈር ያልፋል፤ ሳክስፎኑ ግን አዲስ አበባ ነው። ሰውዬው ስለ ትናንቱ ምን እንደሚሰማው አንድም ቃል ሳይናገር ትዝታ ውስጥ እንዳለ ይታወቃል። በ2024ቱ «ኒክል ቦይስ» መዝጊያ ላይም የሚሰማው የሙላቱ «ትዝታ» ነው።

በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉት ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም እንዲሁ። ፒያኗቸው በ2006 በ«ኢትዮፒክስ» 21ኛ ቅጽ ከታተመ በኋላ፣ በ1920ዎቹ ሃርለም ታሪክ ላይ በተሠራው በሬቤካ ሆል «ፓሲንግ» (2021) ውስጥ ገብቷል። ጥቁርና ነጭ ምስል፣ ማንነቷን የደበቀች ሴት፣ ምት የማይጠብቅ ፒያኖ። ዜማው ወዴት እንደሚያርፍ አስቀድሞ አይታወቅም፤ የሴትዮዋም ነገር እንደዚያው ነው።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙበት ፊልም የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008) ነው። ከጀርመን ወደ ትውልድ ቀዬው የተመለሰው ዶክተር አንበርብር፣ በደርግ ዘመን ያየውና የተሰባበረው ትዝታው እየተቆራረጠ ይመጣበታል። ሙዚቃውን በጋራ የሠሩት የኢትዮጵያው ሳክስፎኒስት ጆርጋ መስፍንና ትውልደ ሕንድ አሜሪካዊው ፒያኒስት ቪጄይ አየር ናቸው። ቤቱን ያወቀ ሰውና ቤቱን ከሩቅ የሚሰማ ሰው፣ ከአንበርብር ሁለት ጎኖች ጋር ይገጣጠማሉ፤ አንዱ ጣና ዳር ያደገው ልጅ፣ ሌላው ከአውሮፓ የተመለሰው እንግዳ።