እዚህ ጋ እፍ ትል ነበር

በእኛ ትምህርት ክፍል ግጥም ጽፎ ለጓደኛ ማስነበብ የተለመደ ነገር ነው። ካፌ ቁጭ ብለን ወረቀቱን እንቀባበላለን፤ «ይቺ ቃል ትውጣ»፣ «ቤቱ አልደፋም»፣ «ሦስተኛው ስንኝ ረዘመ» እንባባላለን። ወረቀት ላይ ያለ ነገር ጣት ይጠቆምበታል። ሙዚቃ ግን ሲሰሙት ያልፋል። አድማጩ ሲጨርስ «ደስ ይላል» ይላል፤ በቃ፣ ከዚያ በላይ ምን ይበል? ታዲያ አንድ ሰው የራሱን የፒያኖ ድርሰት ለሌላ ሰው አሰምቶ የሚጠቅም አስተያየት እንዴት ያገኛል? ውድ አንባብያን፣ ይህን ጥያቄ የማነሳው የሙዚቃ ተማሪ ሆኜ አይደለም። የሦስት ደቂቃ ተኩል ድርሰት ጽፌ ለአምስት ሰዎች በስልክ ስለላክሁና ያገኘሁት መልስ እስካሁን ስለሚያስገርመኝ ነው።

መጀመሪያ ስለ ድርሰቱ ልናገር። እኛ የምንኖረው ቡራዩ፣ ከታ አካባቢ ነው። ቡራዩ ዛሬ የሸገር ከተማ አካል ሆናለች፤ የአምቦ መንገድ ግን ያው የአምቦ መንገድ ነው፤ ሲኖትራኩ ሌሊትም አያርፍም። አያቴ ከወሎ፣ ከአምባሰል መጥታ እዚህ ከ40 ዓመት በላይ ኖረች። እህል ስትለቅምና ሰፌድ ይዛ ስታበጥር በአፍንጫዋ የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረቻት። ሬዲዮ ላይ ሰምቼያት አላውቅም፣ ሌላ ሰው ሲያዜማትም አልሰማሁም። አያቴ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ አረፈች። ቤቱ ሐዘን ቤት ሆነ፤ ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ከመርካቶ የተገዛ ያገለገለ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ አለኝ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ስጫወት ከውጭ የሚሰማው የቁልፎቹ ቋ ቋ ማለት ብቻ ነው። እንግዲህ በዚያ ዓመት ዜማዋን ወደ ፒያኖ የመለስኳት በዚህ መልክ ነው፤ ለራሴ ብቻ እየተሰማኝ።

ዜማዋ የአምባሰል ቅኝት ነች። የሙዚቃ ትምህርት ላልተማረ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የታወቁት አራቱ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። አምባሰልን ከዶ ብንጀምር ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል ይሆናል። አሁን እነዚህኑ አምስት ድምፆች አንድም ሳንለውጥ ከፋ እንጀምራቸው፤ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል፣ ዶ፣ ሬ ቢሞል። ይሄ ሌላ ሳይሆን ትዝታ ማይነር ነው! ድምፆቹ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የት ቆመህ ነው የምታርፈው የሚለው ነው። መሰንቆና ክራር ላይ ተጫዋቹ ድምፁን በጣቱ እያንሸራተተ፣ ክሩን እየወጠረ ቅኝቱን ያስረዳል። ፒያኖ ግን ቁልፎቹ የተቆረጡ ናቸው፤ በሁለት ቁልፍ መካከል ያለውን ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ ፒያኖ ላይ ቅኝቱን የሚናገረው ግራ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

በአገራችን ቅኝትን በፒያኖ መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። ግርማ ይፍራሸዋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በቡልጋሪያ ሶፊያ ተምሮ፣ ከአውሮፓ ክላሲክ ሥራዎች ጎን ለጎን አምባሰልን የመሰለውን ቅኝት ለፒያኖ ብቻ የደረሰ ሰው ነው። ከእሱ በፊት ደግሞ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ አሉ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ እዚያም ሙዚቃ ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት ተግዘዋል። በኋላም መንነው ግሸን ማርያም ገቡ። ግሸን ያለችው የት ነው? አምባሰል! የአያቴ አገር፣ የቅኝቱም አገር። ይህን ሳውቅ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ግን እማሆይን ያነሳሁት በቦታው መገጣጠም ብቻ አይደለም። ድርሰቶቻቸውን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመን አገር በሸክላ አስቀርጸው ገቢውን ለችግረኞች መርጃ አደረጉት። ዓለም በሰፊው የሰማቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ 21ኛ ቁጥሩን ለእሳቸው ሲሰጥ ነው፤ ዕድሜያቸው ከ80 አልፎ ነበር። የድርሰቶቻቸው ኖታ በመጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እስከ መጋቢት 2015 ዓ.ም. ድረስ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በ99 ዓመታቸው አረፉ። ሰው አስተያየት ለመስማት ስንት ዓመት ሊጠብቅ እንደሚችል ከእሳቸው መማር ይቻላል። እኔ ይኸው አንድ ሳምንት መታገሥ አቅቶኝ ስልኬን በየአምስት ደቂቃው እከፍት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርሰቱን ከኪቦርዱ በገመድ ወደ ስልኬ ቀረጽኩና በቴሌግራም ለአምስት ሰዎች ላክሁት። ከድምፁ ሥር «ምን ጎደለው?» የሚል ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ።

አንደኛው አሸዋ ሜዳ አንድ ቸርች ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት ጓደኛዬ ነው። «አሪፍ ነው፣ ግን ተኛ። ከሥሩ ቢት ጨምሪበት» አለኝ። ሁለተኛዋ የክፍላችን ልጅ ናት፤ የሚያለቅስ ምስል ላከችልኝ። «የቱ ጋ ነው ያስለቀሰሽ?» ብዬ ስጠይቃት «ኧረ እንጃ፣ ሁሉም» አለች። ሦስተኛው ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ሆቴል ውስጥ እራት ሲበላ የሚሰማ ነው! ግማሹን ቁረጭው» ብሎ ሳቀ። ሦስቱም እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም ግን ሊሰሙ የሚፈልጉትን ሙዚቃ ነው የነገሩኝ። ቸርች የሚጫወተው ሰው የሚያጨበጭብለትን፣ ዋሽንግተን ያለው መኪና ውስጥ የሚያደምጠውን። በዚህ አልቀየምኩም። ግጥምም ላይ እኮ እንዲሁ ነን፤ ፍቅር የሚወድ ፍቅር ጨምሩበት ይላል።

አራተኛው ፒያኖ የሚያስተምሩ አንድ ጋሼ ናቸው። እሳቸው በጽሑፍ አልመለሱም፤ ደወሉ። «ልጄ፣ አምባሰል ነው ብለሽኛል። እስከ ሁለተኛው ደቂቃ አምባሰል ነው። ከዚያ በኋላ ግራ እጅሽ ፋ ላይ ተቀመጠ፤ አልነሳ አለ። የሚሰማሽ ሰው ትዝታ ነው የሚሰማው» አሉኝ። «አውቄ ነው ጋሼ» አልኳቸው። እውነቴን ነው። አያቴ አምባሰልን ትታ ከመጣች 40 ዓመት አልፏት ነበር፤ ቡራዩ ላይ የቀራት ትዝታው ነው፤ ዜማውም እንዲሁ ይሂድ ብዬ አስቤበት ነው የጻፍኩት። ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ይህን ለአድማጩ ማን ይነግረዋል? አንቺ ከጎኑ ቁጭ ብለሽ አታስረጂው» አሉኝ።

ይህን ንግግር ሳስብ ከረምኩ። ፋን ላጥፋው? አልፈለግሁም። እንዳለ ልተወው? ጋሼ ያሉት ደግሞ ልክ ነው፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ፋ ላይ ከተቀመጥኩ አድማጩ መለወጡን ይረሳዋል፤ ከመጀመሪያውም ትዝታ የነበረ ይመስለዋል። በመጨረሻ ግራ እጄን እስከ መጨረሻው ሐረግ ድረስ ዶ ላይ አቆየሁትና ፋን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማብቂያው ላይ አስገባሁት። መልሼ ብልክላቸው ጋሼ የመለሱት አንዲት ቃል ነበረች፤ «አሁን ሰማሁት።» እኔ የፈለግሁት ነገር አልተለወጠም፤ እሳቸው ያሉት የት ላይ ቢሆን እንደሚሰማ ነው። አስተያየት የሚባለው ይሄ ነው ብዬ አመንኩ።

አምስተኛዋ እናቴ ነች። ለእሷ መላክ ከሁሉ ከበደኝ፤ ግድግዳ ነው የሚለየን፣ ግን ሐዘን ላይ ነን። ታላቋ አክስቴ የኪቦርዱን ቋ ቋታ ሰምታ «ዓመቷ እንኳ ሳይወጣ ሙዚቃ?» ብላ ቅር ብሏት ነበር። በልማዳችን ልክ ነች፤ ሐዘን ቤት ሙዚቃ አይከፈትም። እኔ ደግሞ ዓመቱ እስኪወጣ ዜማው ከጭንቅላቴ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። ሁለታችንም የምንጠብቀው አንድ ሰው ነበር፤ መንገዳችን ተለያየ እንጂ።

እናቴ ማታ ሥራ ጨርሳ ወደ ክፍሌ መጣች። አንዱን ማዳመጫ ብቻ አንስታ በአንድ ጆሮዋ ሰማች፤ ሌላውን ጆሮዋን ለበሩ ተወችው። ፊቷ ላይ ምንም አላነበብኩም። ሲያልቅ «ድገሚው» አለችኝ። ሁለተኛ ጊዜ ስትሰማ እጇን አነሳችና «እዚህ ጋ» አለች። «ምን እዚህ ጋ?» «እዚህ ጋ እማዬ እፍ ትል ነበር።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ነው ያስታወስኩት። አያቴ ሰፌዱን አንገዋልላ፣ አበጥራ፣ ገለባው ጠርዝ ላይ ሲሰበሰብ እፍ ትለዋለች። ዜማዋ እዚያ ላይ ትቆማለች፤ ትንፋሹ ለገለባው ነዋ የሚሄደው! ከዚያ ካቆመችበት ዝቅ ካለ ድምፅ ትቀጥላለች። እኔ ድምፆቹን በሙሉ ይዣቸዋለሁ፤ ዝምታውን ግን ሰፌዱን በእጁ ያዞረ ሰው ነው የሚያውቀው። እናቴ ኖታ አታነብም፣ ቅኝት ለይታም አትጠራም፤ አብራ ግን እህል ለቅማለች። በድርሰቱ ውስጥ ይህ ቦታ አራት ጊዜ ይመጣል። አራቱም ላይ እግሬን ከፔዳሉ አንስቼ ድምፁ እንዲቆረጥ አደረግሁ። ሦስት ደቂቃ ተኩል የነበረው አራት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የአክስቴ ልጅ «ቁረጭው» ሲለኝ እናቴ በዝምታ አስረዘመችው።

በቅዱስ ያሬድ ዜማ ከስምንቱ የዜማ ምልክቶች አንዱ ቁርጥ እንደሚባል ሁላችንም ተምረናል። አባቶች ድምፁ የት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ብቻ አልጻፉም፤ የሚቆረጥበትም የራሱ ምልክት አለው። በክፍል ውስጥ ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን በአያቴ እፍታ ነው። የእማሆይንም ድርሰቶች እንደገና ሳደምጥ ጊዜያቸው እንደ ሰዓት ቲክ ቲክ የማይለው ለምን እንደሆነ የተረዳሁ መሰለኝ፤ የሚተነፍስ ሰው ዜማ ናቸው።

በጥር 2017 የአያቴ ሙት ዓመት ወጣ። ዝክሩ አልቆ እንግዳ ከተበተነ በኋላ እናቴ ራሷ «ማዳመጫውን ንቀይው» አለችኝ። ያን ቀን ድርሰቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ ተሰማ። ታላቋ አክስቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣችም። ሲያልቅ እንዲህ አለችኝ፤ «ይሄ እኮ ግጥም ነበረው።» ክፍሉ ጸጥ አለ። «ምን የሚል?» አልናት። ግንባሯን በእጇ ይዛ ቆየች። «ስለ ወንዝ ነው መሰለኝ... ወንዝ ሞልቶ ስለቀረ ሰው። ልጅ ሆኜ እሰማው ነበር፤ እማማ እዚህ ከመጣች በኋላ ቃሉን ተወችው፤ በአፍንጫዋ ብቻ ሆነ።» ከዚህ በላይ ማስታወስ አልቻለችም። እናቴ ደግሞ ጭራሽ ቃል እንደነበረው አታውቅም።

ይህን አስተያየት እስካሁን ልጠቀምበት አልቻልኩም። ፋን ማዛወር ይቻላል፣ ዝምታ መጨመር ይቻላል፤ የጠፋ ቃል ግን ፒያኖ አይመልሰውም። ነገር ግን ቃል መኖሩን እንኳ ያወቅሁት ሥራዬን ለሰው ስላሰማሁ ነው። መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ ድርሰቱ ያለቀ መስሎኝ እኖር ነበር።

እንግዲህ እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ቃል መሰብሰብ የእኛ ሥራ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣሁ የምትሉ ጓደኞቼ፣ ቤታችሁ ሄዳችሁ ሰፌድ የያዘ ሰው ፈልጉ። ቀድታችሁም ከወሰዳችሁ «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «ደስ ይላል» ነው። «ምን ጎደለው?» በሉ። ከአንባቢዎቼም መካከል ከአምባሰል ወይም ከዚያ አካባቢ ቤተሰብ ያለው፣ ወንዝ ሞልቶ ስለቀረ ሰው የሚዜም ግጥም የሰማ ካለ፣ በትምህርት ክፍሉ በኩል ይፈልገኝ። ዜማውን አሰማዋለሁ፤ እሱ ቃሉን ይነግረኛል።