ሽቅብ ወደ እንጦጦ፣ ስኳር በኪስ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣው መንገድ ዳገቱን የሚጀምረው በሸማ ሱቆች መሐል ነው። ግራና ቀኝ ቀሚሱ፣ ነጠላውና ጋቢው ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ ገዢ ይጠብቃል። ገበያው አልቆ አስፋልቱ መጠማዘዝ ሲጀምር የባሕር ዛፉ ሽታ ይቀበላል። ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች እግረኛው ዳር ይዞ ያሳልፋቸዋል።

ይህን ዳገት የምወጣው ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። ጋሼ 71 ዓመቱ ነው፤ ለስኳር ሕመሙ ኢንሱሊን ይወጋል። ልጆቹ «ይቅርብህ፣ መንገድ ላይ ትወድቃለህ» ይሉታል። እሱ ደግሞ «ቤት ከተቀመጥኩማ ያኔ ወደቅሁ» ይላል። ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ በመሆኔ ዳኝነቱ ለእኔ ተሰጠ። እኔም እንዲሄድ ፈረድኩ፤ ነገር ግን ሳይዘጋጅ አይነሣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንራመድ ጡንቻችን ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል። በጤነኛ ሰው ሰውነቱ ራሱ ኢንሱሊኑን ይቀንሳል። በመርፌ የገባ ኢንሱሊን ግን ተመለስ ቢሉት አይመለስም፤ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለቱ ሲደራረቡ ስኳሩ ይወርዳል።

ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት ይለካል። ከ90 በታች ከሆነ አንድ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ይቀድማል። ከ250 በላይ ከሆነ ሽንቱ ውስጥ ኪቶን መኖሩ ይታያል፤ ኪቶን ካለ የዚያ ቀን ጉዞ ቀረ። መርፌውንም ጭኑ ላይ አይወጋም፤ የሚሠራ እግር ኢንሱሊኑን ቶሎ ያሰራጨዋልና ሆዱ ላይ ይወጋል። መጠኑን መቀነስ ካስፈለገ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ከተማው ቁልቁል ከሚታይበት መታጠፊያ ስንደርስ፣ ወሬ የማያልቅበት ጋሼ ዝም አለ። «ጋሼ፣ ደከመህ እንዴ?» ብለው «ምን ትነዘንዢኛለሽ!» ብሎ ተቆጣኝ። በዚያ ብርድ ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ብለካው 58 ሆነ። ለካስ ስኳሬ ከፍ ይላል ብሎ ፈርቶ ቁርሱን ግማሹን ትቶ፣ መርፌውን ግን ሙሉውን ወስዶ ኖሯል።

ኪሳችን ውስጥ ከቤት የመጣ ስኳር አለ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ሙሉውን በውኃ በጥብጬ አጠጣሁት። ቅጠል የተሸከሙ አንዲት እናት ቆመው «አባባ ምን ሆኑ?» አሉ። 15 ደቂቃ ቆጥረን ደግመን ስንለካ 83 ደረሰ፤ ያን ጊዜ ዳቦውን በላ። ከ70 በታች ለወረደ ስኳር ቆሎም ቸኮሌትም ቶሎ አይደርሱም፤ ስኳር የሌለው ለስላሳም አይረዳም። ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

በዚያ ቀን በታክሲ ተመለስን። በሳምንቱ ቁርሱን በልቶ፣ ለክቶ፣ ጫፍ ደረሰ።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ትንፋሽ ያጥራል፣ ጉልበት ይዝላል፤ የዳገት ድካምና የስኳር መውረድ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ አንገምትም፣ እንለካለን። መለኪያው በብርድ እንዳይሳሳት የውስጥ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጣቱም ከመወጋቱ በፊት በጋቢ ይሞቃል። አጼ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን ማርያምን ተሳልመን፣ ዛፍ ሥር ዐርፈን አዲስ አበባን ቁልቁል እናያለን። በጾም ሰሞን ቅዳሴ እስኪያልቅ ሳይቀምሱ ለመውጣት የሚያስቡ ካሉ፣ አስቀድመው ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ይመካከሩ።

ከዳገት መልስ ጡንቻ የጨረሰውን ስኳር ሲተካ ያድራል። ስኳሩ ሌሊቱን፣ እስከ ማግስቱም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ጋሼ ከመተኛቱ በፊት ይለካል፤ ዝቅ ካለ ቀመስ አድርጎ ይተኛል።

የእግሩ ጉዳይ የልጅ ልጁ ነው። እሱ ጎንበስ ማለት ይቸግረዋል፣ ዓይኑም ደክሟል። እሷ ካልሲውን አውልቃ፣ በስልኳ መብራት በጣቶቹ መሐል ቁስል ወይም ውኃ የቋጠረ ነገር እንዳለ ታያለች። ካገኘች ለእኔ ትደውላለች፤ እስኪድን ዳገት የለም።