የፈሳሽ ትዝታ፦ «አልፋ» ከየት መጣ?

ላይብኒትስ እ.ኤ.አ. በ1695 ከሎፒታል ጋር በተጻጻፈበት ወቅት፣ የዲሪቬቲቭ ደረጃ ግማሽ ቢሆን ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው ለረጅም ዘመን የሒሳብ ሰዎች ብቻ መመራመሪያ ሆኖ ኖረ። እኔን ወደዚህ ርእስ የሳበኝ ግን ሊጥን የመሰለ ቁስ ባሕርይ ነው። ሊጥ ሲጫኑት ይፈሳል፤ ሲለቁት ደግሞ በከፊል ወደ ነበረበት ይመለሳል። ፈሳሽ ነው እንዳይባል ቅርጹን ያስታውሳል፤ ጠጣር ነው እንዳይባል ትዝታው ሙሉ አይደለም።

በሁክ ሕግ መሠረት የጠጣር አካል ስትረስ በቀጥታ የሚወሰነው በስትሬይኑ ነው። በኒውተን ሕግ መሠረት ደግሞ የፈሳሽ ስትረስ የሚወሰነው በስትሬይኑ የመጀመሪያ ደረጃ ዲሪቬቲቭ ነው። በዜሮና በአንድ መካከል ያለ ደረጃ፣ በተለምዶ አልፋ የሚባለው፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ቁስ ሊወክል ይችላል። ስኮት ብሌየር በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንደ ሊጥና አይብ ያሉ ቁሶችን ሲያጠና የተከተለው መንገድ ይህ ነበር። የማክስዌል ሞዴል የተገታ ቁስ ስትረስ በኤክስፖኔንሻል ፍጥነት እንደሚከስም ይተነብያል። በክፍልፋያዊው ሞዴል ግን ስትረሱ የጊዜን የኃይል ሕግ ተከትሎ ዝግ ብሎ ይቀንሳል። በብዙ ፖሊመሮችና ጄሎች ላይ የሚታየውም ይኸው ዝግታ ነው። በርካታ ስፕሪንጎችንና ዳሽፖቶችን በመደርደር የሚገኘው ውጤት በጥቂት ፓራሜትሮች መገኘቱ ትልቅ ትርፍ ነው።

ይሁን እንጂ የስቶክስ የመጀመሪያ ችግር ጥንቃቄ አስተምሮኛል። በረጋ የኒውተን ፈሳሽ ውስጥ አንድ ሰፊ ዝርግ ሳህን በገዛ ገጹ አቅጣጫ መንቀሳቀስ ይጀምራል እንበል። በሳህኑ ገጽ ላይ ያለው ስትረስ መጠን፣ የሳህኑ ፍጥነት የግማሽ ደረጃ ዲሪቬቲቭ በዴንሲቲና በቪስኮሲቲ ብዜት ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ይገኛል። ባግሌይና ቶርቪክ በ1980ዎቹ ይህንን አመልክተዋል። እዚህ ላይ ፈሳሹ ራሱ ምንም ትዝታ የለውም። ግማሹ ደረጃ የመጣው የሳህኑ እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ወደ ሩቅ የፈሳሽ ንብርብሮች በመሠራጨቱ ነው። ስለዚህ ክፍልፋያዊ ደረጃ ብቻውን የቁሱን ባሕርይ አይመሰክርም፤ ከየት እንደመጣ ሊጠየቅ ይገባል።

ይህ ጥያቄ በማስተርስ ጥናቴ ውስጥ ውሳኔ አስከተለ። በሞመንተም እኩልታ ውስጥ ያለውን የጊዜ ዲሪቬቲቭ በክፍልፋያዊ መተካት ስሌቱን ቀላል፣ ግራፎቹንም ብዙ ያደርግልኝ ነበር። ነገር ግን በኒውተን ሁለተኛ ሕግ ፍጥንጥነት የመጀመሪያ ደረጃ ዲሪቬቲቭ ነው፤ ፈሳሹ ትዝታ ስላለው ብቻ ይህ ሕግ አይለወጥም። ስለዚህ ክፍልፋዩን በስትረስና በስትሬይን ዝምድና ውስጥ ብቻ አኖርሁት። አሃዶቹም እንዳይፋለሱ የመርገቢያውን ጊዜ ከነአልፋ ኃይሉ ጻፍሁት። ፍሰቱ ከዕረፍት ስለሚነሣ የካፑቶና የሪማን-ሊዩቪል ትርጓሜዎች አንድ ውጤት ይሰጣሉ፤ በመካከላቸው መምረጥ አላስፈለገኝም።

ዋጋው በስሌቱ ላይ ታየ። ክፍልፋያዊ ዲሪቬቲቭ ያለፈውን ሁሉ ስለሚይዝ፣ እያንዳንዱ የጊዜ እርምጃ የቀደሙትን እርምጃዎች በሙሉ ይጠራል። ለ10,000 እርምጃዎች በአንድ ነጥብ ብቻ 50 ሚሊዮን ያህል ድምሮች ይሠራሉ። ከዚህም በላይ የከበደኝ በእጄ የአንድም ቁስ ልኬት አለመኖሩ ነበር። አልፋን ከ0.2 እስከ 0.9 እያፈራረቅሁ ያገኘሁትን ውጤት «ትንበያ» ሳይሆን «ዳሰሳ» ብዬ ሰየምሁት። ጥናቴ በገጽም በድምዳሜም አነሰ፤ ነገር ግን አንድ መሐንዲስ ግራፉን አይቶ የቧንቧ ስፋት ቢወስንበት በኃላፊነት እጠየቃለሁ ብዬ አስባለሁ።

ለባልንጀሮቼ ተመራማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የሒሳብ ክፍሉ ተማሪና በላቦራቶሪ ቁስ የሚለካው ተማሪ ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት ይገናኙ። አልፋን የሚሰጠን ልኬት ሲሆን፣ ሞዴሉ ገና ባልተለካ ፍሰት ላይ ሊፈተን ይችላል። ልኬት ከሌለን ደግሞ አልፋ እኛ የመረጥነው ቁጥር መሆኑን በጽሑፋችን መግቢያ ላይ በግልጽ ልናሰፍር ይገባል።