ነገ እወጣለሁ

ባለፈው ዓመት አንድ ረቡዕ ማታ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ በኢሞ ደውላ እናቷን ‹‹እማዬ፣ ነገ እወጣለሁ›› አለቻት። ከዚያ ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ተቆረጠ። እቴቴ (አክስቴን እንዲህ ነው የምንጠራት) የቀረውን መስማት አላስፈለጋትም። በማግስቱ ጠዋት ደወለችልኝ። ‹‹ነይ እንጂ፣ እህትሽ ልትገባ ነው!›› ዶሮ ገዝታለች፣ ጎረቤት ጠርታለች፣ ቤቱን አጥባለች።

እኔ ግን ዱባይ ላይ ‹‹መውጣት›› ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በስልክ ልነግራት ድፍረት አጣሁና የአሰላ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዳማን አልፈን ወደ ደጋው ወጥተን ጭላሎ ብቅ ሲል እንኳ ከየት እንደምጀምር አላወቅኩም ነበር።

እስቲ መጀመሪያ ለእናንተ ላስረዳ። ልጅቷ የሄደችው በ‹‹ቪዚት›› ነው። በጎብኚ ቪዛ ማለት ነው፤ 30 ወይም 60 ቀን ያስቆያል። ቀኑ ሲያልቅ ከአገሩ ወጥቶ በአዲስ ቪዛ መግባት የተለመደ ነው። አንዳንዱ በአውቶቡስ እስከ ኦማን ድንበር ደርሶ ይመለሳል። ሌላው ‹‹ኤርፖርት ቱ ኤርፖርት›› የሚባለውን ይመርጣል፦ ጠዋት ተሳፍሮ ጎረቤት አገር ያርፋል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አዲሱ ቪዛ በስልኩ እስኪላክለት ይጠብቃል፣ ማታ ተመልሶ ዱባይ ይገባል። አገር አየ እንዳይባል መስኮት ብቻ ነው ያየው።

ይሄን ነገር የፈጠርነው እኛ አይደለንም። ድሮ የዱባይ ጎብኚ ነኝ ባዮች መውጫ ኪሽ የምትባል የኢራን ደሴት ነበረች። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. የቪዛው ሕግ ሲጠብቅ በርካታ ፊሊፒናውያን እዚያች ደሴት ላይ ቪዛ ሲጠብቁ ሳምንታት አሳልፈዋል። ታይላንድ ያሉ ፈረንጆችም ድንበር ደርሰው ይመለሳሉ። ልዩነቱ ለእነሱ ሽርሽር ማራዘሚያ መሆኑ ነው። ለእኛዋ ልጅ ግን እንጀራ ነው። ባትወጣ ለእያንዳንዱ ትርፍ ቀን 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠርባታል። ብትወጣ ደግሞ፣ እሷ እንደምትለው፣ ትኬቱና ቪዛው የአንድ ወር ገቢዋን ይዞ ይሄዳል።

‹‹ታዲያ ለምን በሕጋዊ መንገድ አልሄደችም?›› ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብያታለሁ። ሕጉ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ይባላል። ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ፣ የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር፣ በውል መሄድ ይቻላል። ግን ከዚያ በፊት፣ ከጥቅምት 2006 እስከ 2010 ዓ.ም.፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድ ራሱ ተከልክሎ ነበር። በዚያን ጊዜ ‹‹ቪዚት›› የሚለውን ቃል የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ለመደው። እገዳው ሲነሳ ቃሉ አብሮ አልተነሳም። ደላላው ‹‹በቪዚት በሁለት ሳምንት፣ በውል በስንት ወር?›› ሲላት እሷም ሁለቱን ሳምንት መረጠች።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ። ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። ‹‹አንቺ ተምረሻል፣ እንግሊዝኛው ይቀልሻል›› ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ‹‹የጉዞ ዓላማ›› የሚል ሣጥን ነበር። ‹‹ጉብኝት›› ብዬ ሞላሁ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ እውነት ዘገባ ተምሬ፣ በቤተሰቤ ውስጥ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ጽሑፌ ይህ አንድ ቃል ነው። ውሸት!

የዚያች ቃል ዋጋ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንዲት ማዳም የአርባ ቀን ደሞዟን ስትከለክላት ‹‹ክሰሻት›› አልኳት። ‹‹ምን ብዬ?›› አለችኝ። ‹‹ጎብኚ ነኝ እኮ። ጎብኚ ደሞዝ አለው እንዴ?›› እንዳትሠራ የሚከለክላት ወረቀት ላይ ያለው ቃል የእኔ ነው።

እቴቴ ቤት ስደርስ የቡናው ጭስ በር ላይ ተቀበለኝ። አስቀምጬ ነገርኳት። ትወጣለች ማለት ትመጣለች ማለት እንዳልሆነ፣ አሁን የሆነ አውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች፣ ማታ ተመልሳ እንደምትገባ፣ ከሁለት ወር በኋላም እንደገና እንደምትወጣ። እቴቴ ረከቦቱን እያየች ዝም አለች። ከዚያ ‹‹አውሮፕላን ከተሳፈረች አይቀር ምናለ ወደዚህ ብትበር?›› አለች። ከዱባይ ቦሌ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ልጅቷ በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ አውሮፕላን ትሳፈራለች፤ አንዱም ወደ እናቷ አያመጣትም። ‹‹ወደዚህማ ከመጣች ብድሩን ማን ይከፍላል?›› አልኩ። የመሄጃዋ ገንዘብ ግማሹ የእቴቴ ዕቁብ፣ ግማሹ የሰው ብድር ነበር። ዶሮውን ከጎረቤቶች ጋር በላነው። ማንም ብዙ አላወራም።

ማታ ልጅቷ ደወለች። ተመልሳ ገብታለች። እኔ እንዳልናደድ መቀለድ ጀመረች። ‹‹አሰላ ተወልዶ ዙር የሚሰለቸው አለ እንዴ? ኃይሌ ስንት ዙር ነበር የሚሮጠው?›› አለችኝ። ‹‹አሥር ሺህ ሜትር 25 ዙር ነው›› አልኳት። ‹‹እሱ እኮ የመጨረሻው ዙር ላይ ደወል ይደወልለታል›› አለችና ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ያን ጊዜ ሦስተኛዋ ነበር። ለአራተኛው ገንዘብ አጠራት። ‹‹ለመመለሻሽ ከሆነ አሁኑኑ ልላክ›› አልኳት። ‹‹ለመውጫዬ ላኪልኝ›› አለች። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ላኩላት። እዚያ ሆኜ ሳልሠራ እዚህ ሆኜ ‹‹በቃሽ›› ማለት ቀላል መስሎ ስለታየኝ ይሆናል። ልክ መሆኔን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ባለፈው ወር ደግሞ አሰላ ሄጄ የጎረቤት ልጅ መጣች። ስልኳን ዘርግታ ‹‹እህቴ፣ ይቺን ፎርም ሙይልኝ፤ ለእንትና የሞላሽላት አንቺ ነሽ አሉ›› አለችኝ። ለካ ስሜ ወጥቷል! ሣጥኑ ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠየቅኳት።

‹‹የጉዞሽ ዓላማ ምንድን ነው?››

‹‹ሥራ ነዋ!››

‹‹እንግዲያው ‘ሥራ’ ብዬ ልጻፍ?››

ዝም አለች። ስልኩን መለስኩላትና የማውቀውን ሁሉ፣ ስለ ወንበሩም፣ ስለ ማዳሟ ደሞዝም፣ ስለ ውሉም ነገርኳት። በትሕትና አዳመጠችኝ። እቴቴ ቡና ቀድታ ሰጠቻት። ጠጥታ አመስግና ወጣች። ሌላ የሚሞላላት እንደማታጣ አውቃለሁ።

ቢያንስ ግን በእኔ ጣት አልተሞላም።