ከጣና እስከ ተከዜ፣ በአንድ ቀን

ባሕር የለንም፤ ባሕር ዳር ግን አለን። ይቺን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማችኋት እናውቃለን። ዛሬ ያነሳናት ግን የምራችንን ነው። የሳይክል ጉዞ ዕቅድ ስናወጣ የመጀመሪያው እንቅፋታችን እሷው ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዞች አገሪቱን በአግድም የሚቆርጥ አንድ የሳይክል መንገድ አላቸው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በምዕራብ ከአይሪሽ ባሕር ዳርቻ ይነሳና በምሥራቅ ሰሜን ባሕር ላይ ያበቃል። ርዝመቱ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልማዱ ደግሞ ደስ ይላል፦ የሚነሳ ሰው የኋላ ጎማውን ባሕር ያስነካል፣ ሲደርስ የፊቱን። አብዛኛው ሰው በሦስትና በአራት ቀን ነው የሚጨርሰው። ጥቂት ደፋሮች (ወይም ጥቂት የለየላቸው፣ እንደ አያያዛችሁ) በአንድ ቀን ከባሕር ባሕር ይገባሉ።

እኛ አራት ነን። ሁለት ሴት፣ ሁለት ወንድ፣ ሦስት ሳይክል። አራተኛው ሳይክል በመገዛት ላይ ነው፤ ደሞዝ ሲፈቅድ። እና አንድ ቀን ማኪያቶ ላይ ተቀምጠን «እኛ ከየት እስከ የት እንንዳ?» አልን። ባሕር ከሌለ ውሃ አለ። ካርታ ዘረጋን። ከጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከጎርጎራ እንነሳ። በቆላ ድባና በአዘዞ አድርገን ጎንደር። ከዚያ ወለቃ፣ ኮሶዬ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ገደብዬ፣ ዳባት፣ ደባርቅ። ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርደን ዛሪማ፣ ዓዲ አርቃይ፣ ማይ ጠብሪ፣ ተከዜ። የኋላ ጎማ ጣና ላይ፣ የፊት ጎማ ተከዜ ላይ። ቆንጆ አይደል?

ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ቆንጆ ነው። ስለዚህ ወደ ሂሳቡ።

ከጎርጎራ ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ገደማ። ከደባርቅ ተከዜ ድልድይ 140 ገደማ ብለን ያዝን። ድምር፣ 300 ኪሎ ሜትር። ለማነጻጸር ያህል፣ በዓለም ታዋቂው የሚላን ሳንሬሞ የአንድ ቀን ውድድር ርቀቱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ባለሙያዎቹ ባለፉት ዓመታት በ6 እና በ7 ሰዓት መካከል ሲጨርሱት አይተናል። እነሱ ግን ደሞዛቸው እሱ ነው፣ ከኋላቸው መኪና ሙሉ መለዋወጫ ይከተላቸዋል፣ ሊማሊሞም የለባቸውም። የእኛው ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ኮራን። ኩራት ግን ፔዳል አይገፋም።

የኛን አቅም እናውቀዋለን። እስከ ጎንደር 3 ሰዓት። ቁርስ፣ ግማሽ ሰዓት። ከጎንደር ደባርቅ 7 ሰዓት፤ ምክንያቱም ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጎንደር ከ2100 ያልፋል፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2800። የወገራ ደጋ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ትንፋሹም ስስ ነው። ደባርቅ ላይ ምሳና እረፍት፣ 1 ሰዓት። ከዚያ እስከ ተከዜ 6 ሰዓት ተኩል። ድምር 18 ሰዓት። የኛ አገር ቀን ደግሞ ብርሃኑ 12 ሰዓት ገደማ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ዝም አልን። የተቀረውን 6 ሰዓት እናቆየውና መጀመሪያ ሌሎቹን ጥያቄዎች እንመልስ፤ እነሱ ይቀላሉ።

መቼ? ክረምት አይሆንም፤ ጭቃውም ናዳውም አለ። መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ የተከዜ ቆላ ያቃጥላል። የቀረን ጥቅምትና ኅዳር ነው። ዝናቡ አቁሞ፣ ወገራ ገብሱ ቢጫ ሆኖ። ቆላው ላይ ግን ከክረምት በኋላ ወባ አለ፤ ምሽት ላይ ረጅም እጅጌ።

በየት አቅጣጫ? አንዱ ጓደኛችን «ጀግና ማለት ሊማሊሞን የወጣ እንጂ የወረደ አይደለም» ብሎ ተከራከረ። ተከዜ ድልድዩ ጋ ከፍታው ከ1000 ሜትር በታች ነው። ከዚያ ተነስቶ ደባርቅ መድረስ ማለት ወደ 2 ኪሎ ሜትር ወደ ሰማይ መውጣት ነው፣ ያውም በቆላ ፀሐይ። ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ለአንድ፣ ከጣና እንነሳለን።

«ቁልቁለት ምን አለበት?» የምትሉ ካላችሁ፣ ሊማሊሞን በአውቶቡስ የወረደ ሰው ጠይቁ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከገደሉ ፈልፍሎ ያወጣው መንገድ ነው። ከደጋው አፋፍ ወደ ቆላ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከአንዱ ጥምዝ ላይ ሆናችሁ ታች ያለውን ጥምዝ፣ ከእሱም በታች ሌላውን ታያላችሁ። ሳይክል ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፍሬን ሳይለቅ የሚወርድ ሰው ቸርኬውን ያግለዋል፤ ቸርኬው ሲግል ከመነዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ፣ ያዝ ለቀቅ፣ መሃል መሃል ላይ ቆሞ ማብረድ። ዲስክ ፍሬን ያለው ይሻለዋል። ጎማም ሰፋ ያለ። ለየሰዉ ሁለት ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ አንድ መንፊያ፣ አንድ ማጣበቂያ፤ ከደባርቅ በታች ጎሚስታ ፍለጋ መንከራተት የለም። አንድ ሕግም አወጣን፦ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ደባርቅ ከደረስን ሊማሊሞን አንነካም፣ እዚያው እናድራለን።

ምን እንበላለን? ይኼን ፈረንጅ ሊያስተምረን አይችልም። በሶ! የገብስ አገር መሃል እየነዱ የታሸገ ኃይል ሰጪ መግዛት ነውር ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ጨው ጣል የተደረገበት ውሃ።

እና ልጆቹ? በኢትዮጵያ በሳይክል ያለፉ ፈረንጆች የጻፉትን ያነበበ ሰው «ዩ! ዩ!» ከምትል ጩኸትና ከምትከተላት ድንጋይ ውጭ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። እኛን ምን እንደሚሉን እንጃ። ሁለታችን ሴቶች ስለሆንን ከድንጋዩ በፊት ምክሩ እንደሚቀድም ግን እርግጠኞች ነን። «የኔ እናት፣ በሰላም አገር መኪና እያለ ምን አስጨነቀሽ?» ባሕር ዳር ላይ ሴት ሳይክል ስትነዳ ዞሮ የሚያያት የለም። ወገራ ላይ ሳይለምዱን አይቀሩም።

በነገራችን ላይ፣ ደርቭላ መርፊ የምትባል አየርላንዳዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1963 ከአየርላንድ ተነስታ እስከ ሕንድ በሳይክል የተጓዘች ሴት ናት። በ1959 ዓ.ም. ወደኛ አገር መጣች። ተከዜን ተሻገረች፣ ስሜንን አቋርጣ ጎንደር ገባች። በምን? በበቅሎ ታግዛ፣ በእግሯ! ሕንድ ድረስ ሳይክል የነዳች ሴት የኛን ተራራ ስታይ በቅሎ ገዛች። ይኼን ለወላጆቻችን አልነገርናቸውም።

አሁን ወደ 6ቱ ሰዓት እንመለስ።

ሂሳቡ እንዲህ ይወጣል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጎርጎራን መልቀቅ አለብን። ንጋት 12 ሰዓት ጎንደር። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ደባርቅ፣ 8 ሰዓት ተኩል ሊማሊሞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተከዜ። ማለትም ሦስት ሰዓት ጨለማ ከፊት፣ ሦስት ሰዓት ጨለማ ከኋላ። እግር ይሠለጥናል፣ ፍሬን ይቀየራል፣ መብራትም ይገዛል። ጨለማ ውስጥ በገጠር መንገድ ለመንዳት ግን የሚያስፈልገው ነገር ሱቅ የለም። እሱም፣ ከጥምዙ ወዲያ የቆመው ሰው እንደማይነካህ ማመን ነው።

ያን እምነት ያጣነው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ነው። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ የተከዜ ድልድይ ፈረሰ፤ የዕቅዳችን መጨረሻ ማለት ነው። ክረምቱን ውጊያው ሊማሊሞን ወጥቶ ዳባት ወረዳ ገባ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በጭና ንጹሐን ሰዎች ተገደሉ። እኛ «100 ኪሎ ሜትር፣ 7 ሰዓት» ብለን በእስክሪብቶ ያሰመርንበት መስመር ዳር የሞቱ ሰዎች አሉ። ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ኅዳር ላይ የእርዳታ መኪኖች በጎንደር በኩል ማይ ጠብሪ ደረሱ፤ ተስፋ አደረግን። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ አማራ ክልል ራሱ በሌላ ውጊያ ውስጥ ነው። እገታው፣ የመንገዱ መዘጋትና መከፈት ከአየር ትንበያ እኩል የሚጠየቅ ወሬ ሆነ።

ለሊማሊሞ ይኼ አዲስ አይደለም። አፋፉን የያዘ መንገዱን ይይዛል። በወረራው ጊዜ እዚያ የመሸገው የጣሊያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ፣ እጁን የሰጠው መስከረም 1934 ነበር፤ ንጉሡ አዲስ አበባ ከገቡ ከአራት ወር በላይ ቆይቶ።

ስለዚህ እኛ የአንድ ቀን ጉዞን እንደ ስፖርት ማየት አቃተን። ከጣና ዳር የተነሳ ሰው መሃል ላይ ሳያድር፣ ሳይታገት፣ ሦስት ቦታ «ከየት መጣህ፣ የማን ነህ» ሳይባል፣ በምሽት ተከዜ ላይ ፊቱን ቢታጠብ፣ አገሩ ደህና ናት ማለት ነው። የደባርቅ ነጋዴ ከኛ በፊት ይኼን ያውቃል። የታመመች ልጁን ይዞ ጎንደር ሐኪም ቤት የሚሄደው የዳባት ገበሬ ያውቃል። ለእነሱ 75 ኪሎ ሜትሩም ረጅም የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዕቅዱን እንቅደደው ወይ? ተነጋገርንበት። አንዷ «ሰው እየሞተበት ባለ መንገድ ላይ የሳይክል ሽርሽር ማሰብ ራሱ ያሳፍራል» አለች። ሌላው «መንገዱን የጦር መንገድ ብቻ አድርገን ከለመድነው ነው የሚያሳፍረው» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስለዚህ አልቀደድነውም፣ አንነሳምም። ደብተሩ ላይ ከበሶውና ከከመነዳሪው ቀጥሎ አንድ መስመር ጨመርን፦ የሕዝብ አውቶቡስ ሙሉ ዓመት፣ በየቀኑ፣ ያለ አጃቢና ያለ ስጋት ከጎንደር ሽሬ ሲመላለስ። ሳይክል ከአውቶቡስ ቀድሞ አይሄድም። እናቶች ቅርጫታቸውን ይዘው ያለ ሐሳብ ካለፉበት በኋላ፣ በቀጣዩ ጥቅምት እኛ እንነሳለን።

እስከዚያው ልምምዱን አላቆምንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንጦጦ ሥር ዳገት እንገፋለን። አራተኛው ሳይክልም አልተገዛም፤ የምትሸጡ ካላችሁ ዲስክ ፍሬን ያለው ይሁን፣ ዋጋው ላይም እዘኑልን።

ቸር እንሰንብት።